ከአግዳሚው በታች ያለችው ምስር

ያን ቀን ጠዋት መላጣዬን የብየዳ ቅባት ተቀብቼ ኪዳን ላስደርስ ሄድኩ።

ሰው ይህን ያህል ይሳሳታል ወይ ትሉ ይሆናል። እኔ እሳሳታለሁ። መዳብ ከመበየዱ በፊት የሚቀባው ቅባት የነበረበት ቆርቆሮ ዝጎ ስለተበሳብኝ፣ ባዶ የቫዝሊን ዕቃ ፈልጌ ገልብጬበት ነበር። የባለቤቴ እውነተኛ ቫዝሊን ደግሞ እዚያው መስኮት ላይ ከጎኑ ተቀምጧል። ሁለቱም ያሙለጨልጫሉ፤ የሁለቱም ክዳን ሰማያዊ ነው። የጎንደር የንጋት ብርድ ራሴን ስለሚሰነጣጥቀው ጠዋት ጠዋት ቫዝሊን እቀባለሁ። መብራት ጠፍቷል፤ መነጽሬን ያለ መነጽር ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ያልቸኮልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። እናቴ እንደምትለው ስወለድም አዋላጇን አልጠበቅሁም።

ቅጽሩ ውስጥ እንደቆምኩ መጀመሪያ ሞቀኝ። ደስም አለኝ። ቀጥሎ ጉንዳን የሚሄድብኝ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ጉንዳኖቹ እሳት ማንደድ ጀመሩ። ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፈፍ ሳደርገው የነካኝ በኩል አረንጓዴ ሆኗል፤ ብሩሼን ከመዳቡ ወደ ቅባቱ ሳመላልስ ለካ ቅባቱ የመዳቡን ዝገት ሲጠጣ ከርሟል። አጠገቤ የቆመ ሽማግሌ አናቴን አየና አማትቦ ራቅ አለ። ካህኑ መስቀል ሊያሳልሙኝ ሲመጡ ግንባሬ ዘንድ ደርሰው አመነቱ፤ አፌን ብቻ አሳልመውኝ አለፉ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ደጅ ላይ አተር ትለቅማለች። ቀና ብላ ብዙ አየችኝ።

«ሰው ሲዝግ ገና አየሁ» አለች።

ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ አምጥታ፣ አስጎንብሳ አጠበችኝ። አልለቅ ካለ በብርጭቆ ወረቀት እንደምትፈገፍገኝ ነገረችኝ። ቀልዷን ይሁን የምሯን ከእጇ ጉልበት መለየት አልቻልኩም።

የሚያናድደው ያን ቀን መሆኑ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፍርድ ይጠብቀኝ ነበር።

ዕድሜዬን ሙሉ ቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። የጎንደርን ቤቶች ውኃ አስገባሁ፣ አስወጣሁ፤ ሥራዬም ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧ ውኃ ካላፈሰሰ መልኩን የሚጠይቅ የለም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን እጄ ሥራ ፈትቶ ስለሚበላኝ፣ ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ከአሮጌ የመዳብ ቧንቧ ጌጣጌጥ መሥራት ጀመርኩ። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ወደ ፕላስቲክ ስለሄደ መዳቡን ከቆራሌው አገኛለሁ። የመብራት መቆሚያ፣ የፎጣ መስቀያ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ችግሩ ጌጥ የሚቆመው ሳሎን መሀል ነው። መገጣጠሚያው ላይ ስታኞ፣ ማለት የምንበይድበት ለስላሳ ሽቦ፣ ቀልጦ ጠብ ካለ እንደ ልጅ ንፍጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የመጀመሪያ መብራቴ ከላይ እስከ ታች የተንጠባጠበ ስለነበር ባለቤቴ «አልቃሻው» አለችው። አልቃሻውን ኮሶዬ ምግብ ቤት ላላት ዘመዴ ሰጠኋት። ወደ ደባርቅ ሳልፍ ጎራ ብዬ ባየው፣ አምፖሉን አውልቃ ቋንጣ ሰቅላበታለች። በጾም ደግሞ ሽንኩርት እንደምትሰቅልበት ነግራ አጽናናችኝ።

ባለቤቴ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናት። ልጅ ሳለች የአባቷ የገብስ ክምር ሲነድ አይታለች፤ ያን ዓመት እንዴት እንዳለፉት እስከ ዛሬ አታወራም። ስለዚህ እሳት አትወድም። እኔ ደግሞ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። አንድ ቀን የምበይድበትን ጋዝ ነበልባል ወዲህ አዞርኩ ብዬ ወዲያ አዙሬው የክፍሏ መጋረጃ ተያያዘ። ያጠፋችው እሷ ናት፤ ለሽሮ የዘፈዘፈችውን አተር ከነውኃው ከልብሳብኝ። አተሩን ከኪሴ ሳወጣ ሰነበትኩ። ከዚያ ወዲህ ጋዝ ባቀጣጠልኩ ቁጥር ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። እኔ እሠራለሁ፣ እሷ ትቆማለች። ወገቧን እያመማት ትቆማለች።

በመጨረሻ ሰለቻት። አንድ ዕቃ ሠርቼ እንዳሳያት አዘዘችኝ። አንዲት ጠብታ ከሌለበት ክፍሏ የእኔ ናት፤ እሷም ባልዲውን ታስቀምጣለች። ጠብታ ካለበት ግን ጋዙን ለሚፈልግ ሰጥቼ ቁጭ እላለሁ።

ቁጭ የሚለው ቃል ነው ያስፈራኝ። አብረውኝ ጡረታ የወጡትን አያቸዋለሁ። ጠዋት ፀሐይ ባለበት ቁጭ ይላሉ፤ ከሰዓት ጥላ ባለበት ቁጭ ይላሉ። እኔ እዚያ ሄጄ ሞክሬዋለሁ። ወንበሩ ሲንቃቃ ሰምቼ ማጥበቅ ጀመርኩ፤ ሰውየው ከነወንበሩ ወደቁ።

ዳኛውን የመረጠችው ራሷ ናት። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ የዜማ መምህር አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል። መቋሚያቸውን፣ ያንን ሲያዜሙ የሚደገፉትን ዘንግ፣ ግድግዳ ላይ ያስደግፉታል፤ ይወድቃል፤ ከዚያ ወለሉን እየዳበሱ ይፈልጉታል። ስለዚህ የምሠራው ዕቃ የእሳቸው መስቀያ እንዲሆን ተስማማን። ሦስት እግር፣ ደረት ድረስ የሚደርስ ምሰሶ፣ ከላይ አግዳሚ፤ በአንዱ ክንድ መቋሚያው በአንገቱ ይንጠለጠላል፣ በሌላው ጸናጽሉ። ፍርዱ ደግሞ በጣታቸው ነው። የኔታ ስህተት አሳልፈው አያውቁም። ከዛሪማ ድረስ በእግሩ የመጣ ተማሪ አንዲት ቦታ ቢስት ከሥር መልሰው ያስጀምሩታል፤ አጥር ዘለው የሚመጡትን ለቅሶዎች እኛ እንሰማለን። ባለቤቴ ዳኛዋን አውቃ ነው የመረጠችው።

ከዚያች የፍርድ ቀን በኋላ በዓላት ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከእነሱም ቀጥሎ የደብራችን ንግሥ። በበዓል ቀን መዶሻ ባነሳ ባለቤቴ ከቤት አታስገባኝም። በወሩ ውስጥ የማይሠራባቸው ቀናት ከሚሠራባቸው የበለጡብኝ ጡረታ ስወጣ ነው። እግሩና ምሰሶው አልቀዋል፤ የቀሩኝ የአግዳሚው መገጣጠሚያዎች ናቸው፤ ያለኝ ጊዜ ደግሞ እስከ ከሰዓት።

ራሴ እየቆጠቆጠኝ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ከንጋቱ በፊት መዳቡን ቅባት ቀብቼ ነበር የሄድኩት። ራሴ ላይ የነበረው የብየዳ ቅባት ከሆነ መዳቡ ላይ ያለው ምን ሊሆን ነው ብሎ መጠየቅ የብልህ ሰው ፋንታ ነው። እኔ ጋዙን ለኮስኩ። ባለቤቴ ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

መዳብ ሲሞቅ ይናገራል። ትክክለኛው ቅባት ካለበት መጀመሪያ ይንተከተካል፣ ከዚያ ፊቱ ብሩህ ይሆናል፤ ስታኞውን አፉ ላይ ነካ ስታደርገው ሹልክ ብሎ ወደ ውስጥ ይጠጣዋል። የእኔው ግን ጨሰ። የቫዝሊን ጭስ ክፍሏን ሞላው። ስታኞው እንደ ዶቃ እየተድቦለቦለ ጫማዬ ላይ ወረደ።

ባለቤቴ አሸተተች። «የኔ ቫዝሊን ነው» አለች።

ሁሉንም ነቅዬ፣ አቀዝቅዤ፣ በብርጭቆ ወረቀት እንደገና አሸሁት። ይኼ ሥራ ለትዕግሥተኛ ሰው የተፈጠረ ነው። ቧንቧው እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ ይታሻል፤ ከታሸ በኋላ በጣት መንካት የለም። ቅባቱ ስስ ተደርጎ ይቀባል። እሳቱ የሚያርፈው ስታኞው ላይ ሳይሆን መዳቡ ላይ ነው፤ ከወዲያ ታሞቃለህ፣ ከወዲህ ስታኞውን ትሰጣለህ፤ ስታኞ ሙቀት ወዳለበት ይሄዳል። ጎረቤቱ መገጣጠሚያ እንዳይቀልጥ በእርጥብ ጨርቅ ትጠቀልለዋለህ። እንደጠጣ ወዲያው እሳቱን ታነሳና፣ በንጹሕ ጨርቅ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር አድርገህ ትጠርገዋለህ። ከዚያ ዝም ነው። እስኪረጋ ከነካኸው ይሻክራል፣ አመድ ይመስላል። ዕድሜ ልኬን የከበደኝ ይኼ የመጨረሻው ነው። እሳቱ አይደለም፣ ዝምታው። እጄን እንዳልነካ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ደግሞ አተር ያገኛል።

አንዱን ጨረስኩ። ሁለተኛውን ጨረስኩ። ሸጋ ሆኑ፤ ቀጭን ብርማ ቀለበት ብቻ ይታያል። የመጨረሻውን ስበይድ ግን ጉድ ፈላ። ስታኞው ይጠጣል፣ ከዚያ ፍስስ ብሎ ይተፋዋል። እንደገና አሞቃለሁ፤ ይጠጣል፣ ይተፋል። ትንሽዬ ቀዳዳ እያበጀ ይተነፍሳል። አሸሁት፣ ቀባሁት፣ ተሳደብኩ፤ ያው ነው። ስንትና ስንት ቤት ሙሉ ቧንቧ በይጄ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም። ፀሐዩ ወደ ምዕራብ አዘመመ። ክፍሏ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል ባለቤቴ በባልዲው አስፈራርታ አስቆመችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ነገር ትንፋሽ አጥሮታል» አለችኝ። «ድስት ከድነህ አፉን በሊጥ ብትመርገው ምን የሚሆን ይመስልሃል?»

ልስቅባት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ዘጋሁት። እኔ የኖርኩት ከውኃ ቧንቧ ጋር ነው። የውኃ ቧንቧ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ክፍት ነው፤ ከአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ይኼኛው ግን ጌጥ ነው፤ እግሩም ራሱም ተደፍኗል። የመጨረሻዋን በር ስዘጋ ውስጥ የታፈነው አየር ሞቆ መውጫ ያጣና ስታኞዬን ገፍቶ ይወጣል። ይኼን ያህል ዘመን ለሰው ቤት ስበይድ ምንም የማይገባበትና ምንም የማይወጣበት ቧንቧ ሠርቼ አላውቅም ነበር። አልቃሻውን ያስለቀሰው ለካ ይኼ ነው፤ እኔ እጄን ስረግመው።

መሰርሰሪያዬን አንስቼ አንደኛው እግር ሥር፣ መሬት የሚነካው ቦታ ላይ፣ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ በሳሁ። እንደገና ለኮስኩ። መዳቡ ተነፈሰ፣ ስታኞው ገባ፣ አልተመለሰም። ጨርቄን አንስቼ ልጠርግ ስል እጄ ተንቀጠቀጠ። ዘገየሁ። ከአግዳሚው በታች፣ በጀርባ በኩል፣ ምስር የምታህል ጠብታ ረጋች።

ሞረድ ፍለጋ ዞርኩ። በአጥሩ በኩል የኔታ እንጨቱን እየዳበሱ ሲመጡ ሰማሁ።

መስቀያውን ደጅ አወጣሁት። ፊቱን ወደ ፀሐይ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አድርጌ አቆምኩት። ባለቤቴ ባልዲዋን እንደያዘች ከጎን ቆመች። የኔታ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠዋት ቅጽሩ ውስጥ እንዴት እንደሸተትኩ አወጉ፤ የመኪና ባትሪ ሊሳለም የመጣ መስሏቸው ነበር። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

ከእግሩ ጀመሩ። አውራ ጣታቸው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ሄዶ ይዞራል፣ ይመለሳል። ፊታቸው ተማሪ ዜማ ሲያስቀጽሉ እንደሚሆነው ነው፤ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው። ምሰሶውን ወጡ። የአግዳሚውን ቀኝ ዞሩ፣ ግራውን ዞሩ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ጀርባ ሄደ። ቆመ። ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰና እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ቆመ። እኔ ያን ጊዜ የጋዙን ሲሊንደር ማን በርካሽ ይወስድልኛል ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ባለቤቴ የእኔን ፊት አላየችም፤ የየኔታን ፊት ታያለች።

የኔታ እጃቸውን አነሱ። በጋቢያቸው ጠረጉት።

«ሸጋ ነው» አሉ። «እንከን አላገኘሁበትም።»

ባለቤቴ ወደ ጓሮ ሄደችና ባልዲውን ጌሾው ሥር ደፋችው። ውኃው ወደ መሬት ሲገባ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ባልዲውን ማድቤት አስገብታ ወገቧን ይዛ ቁጭ አለች።

መስቀያውን ተሸክሜ የኔታን ወደ ቤታቸው ሸኘኋቸው። አጥሩ ዘንድ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አድርገው አስቆሙኝ።

«አያ ቧንቧ፣ ያች ከአግዳሚው በታች ያለችው ምንድን ናት?»

«ምስር ናት፣ የኔታ።»

«ጤፍ ብትሆን ባልከፋኝ። ምስር ትልቅ ናት።»

«ምነው ታዲያ ዝም አሉ? አንቱ እኮ ለተማሪዎ እንኳ...»

የኔታ ወዲያ ወዲህ ሰው እንደሌለ አዳመጡ። «እኔም ምስር አለችኝ» አሉ።

ከክረምት ወዲህ ድምፃቸው አንዲት ቦታ ላይ እየከዳቸው ነው። ዜማው ላይ ቆይቶ ድንገት ዝቅ የሚልባት ቦታ አለች፤ እዚያች መገጣጠሚያ ላይ ሲደርሱ ይሰበራል። ለብቻቸው ሲያዜሙ ችግር የለም። በንግሥ ቀን ግን ተማሪዎቻቸው ዙሪያቸውን ይቆማሉ። ተማሪዎቹ ጆሮ አላቸው፤ ጆሮውን የሰጧቸው ደግሞ እሳቸው ናቸው። ስንቱን ከሥር አስጀምረው እሳቸውን ማን ከሥር ያስጀምራቸዋል?

«እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ሳልልኝ» አሉኝ።

«ልሳል?»

«ሳል። ትልቅ ሳል። የቧንቧ ሠራተኛ ሳል።»

አጥሩ ሥር ቆመን ዜማውን ቀስ ብለው አሰሙኝ፤ ቦታዋ ላይ ሲደርሱ ክንዴን ይነኩኛል፣ እኔ እስላለሁ። እኔ ጆሮዬ ለቧንቧ ካልሆነ አይሰማም። ቸኩዬ ቀድሜ ስስል መለሱኝ፤ ዘግይቼ ስስል መለሱኝ። ከሥር አስጀመሩኝ፣ እንደ ዛሪማው ልጅ። ባለቤቴ ከቤት ሆና ሁለት ሽማግሌ በብርድ ቆሞ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀች። የኔታ ጉንፋን ያዘኝ አሏት፤ እንዲህ በቀላሉ መዋሸታቸው ገረመኝ። በአንድ ቀን ሁለተኛቸው ነበር።

የንግሡ ዕለት፣ ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶ፣ ከመዘምራኑ ጀርባ ቦታ ያዝኩ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው መሀል ቆመዋል፤ ተማሪዎቹ በሁለት ወገን። መቆም ስለማልችል ከእግር እግር ስቀያየር ከበሮ መቺው ሳይቀር ዞሮ ገላመጠኝ። ዜማው ወጣ። ላይ ቆየ። ቦታዋ መጣች። አየር ስቤ ደረቴን ሞላሁ።

ድምፃቸው ወረደ። ሳይሰበር፣ ስስ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። እንደ ጥሩ መገጣጠሚያ፣ የት ጋ እንደሆነ እንኳ አልታወቀኝም።

ሳሉ ደረቴ ውስጥ ቀረ። ዋጥኩት፤ አልዋጥ አለ። ሕዝቡ እልል ብሎ ካበቃ በኋላ፣ ሰባኪው ተነስተው ሁሉም ጸጥ ባለበት፣ ያ የቧንቧ ሠራተኛ ሳል ፈነዳ። እንባዬ እስኪወርድ ሳልኩ። ሰባኪው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ባለቤቴ ከሴቶቹ በኩል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ የማታውቀኝ መሰለች።

ሲያበቃ የኔታ ዘንድ ሄጄ ዕዳዬን ከፍያለሁ አልኳቸው። ያኛው አይቆጠርም አሉኝ፤ ከቦታው ውጭ የተሳለ ሳል ነው። ለምን ድምፃቸው እንዳልተሰበረ ስጠይቃቸው ሳሌ ከኋላቸው ተዘጋጅቶ መቆሙን ሲያውቁ ስጋታቸው እንደቀለላቸው ብቻ ነገሩኝ።

ባልዲው ማድቤት እንደገባ ቀረ። ጋዜን ለኩሼ ወደ በሩ ስዞር የሚቆም የለም፤ ከመልመዴ የተነሳ እዞራለሁ። ባለፈው ባለቤቴ ለየኔታ ሽሮ ልታደርስ ሄዳ ተመለሰችና፣ እጇን እየታጠበች ከአግዳሚው በታች ያለችውን ነገር ሞረድ ይዤ ሄጄ እንድጨርሳት ነገረችኝ። መቼ እንዳየቻት አልጠየቅኋትም። ያን ዕለት ከጎን ነበር የቆመችው፤ ዓይኗ ደግሞ ደህና ነው።

ሞረዴን ይዤ ሄድኩ። የኔታ አላስነካ አሉኝ። ምስሯ መያዣ ናት፤ ሳሌን በቦታዋ ስከፍል እሞርዳታለሁ። እስከዚያ መቋሚያቸውን ባነሱ ቁጥር በአውራ ጣታቸው ነካ ያደርጓታል፤ በአጥሩ በኩል መቋሚያው ሲነሳ እየሰማሁ እቅበጠበጣለሁ። የሚቀጥለው በዓል እስኪደርስ ክፍሌ ውስጥ መዳብ እያሸሁ ሳል እለማመዳለሁ። ባለቤቴ ዳማከሴ አሽታ ታመጣልኛለች። እጠጣለሁ። አንዲት ሳል አለብኝ።